ራዲዮ ለሚሰማ ቤት ሶላር ሲገዛ፦ የትኛው ዕቃ ያነሰ ይረብሻል?

ሶላር ካስገቡ በኋላ ራዲዮናቸው ማፏጨትና መንጫጫት የጀመረባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚከሱት ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ፓነል ነው። ፓነሉ ግን ከደሙ ንጹሕ ነው። ብርሃንን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲቀይር በውስጡ የሚቆራረጥ ነገር የለም። የሚቆራርጡት ከእሱ በታች ያሉት ሳጥኖች ናቸው፤ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን የመስመር ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር፣ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ። አብዛኞቹ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ነው ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት። ስለዚህ «ሶላር ራዲዮ ይረብሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። የትኛው ሳጥን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ገመድ በኩል እንደሚረብሽ ማወቅ ነው የሚያዋጣው፤ ግዢውም በዚሁ ቢመራ ይሻላል።

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ኤፍኤም ብቻ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ባያነብም ብዙ አይጎዳም። ሸገር 102.1ም ሆነ ሌሎቹ የኤፍኤም ጣቢያዎች ድምፁን የሚጭኑት በሞገዱ ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ራዲዮ የሞገዱን ከፍታ መዋዠቅ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ረብሻው ደግሞ በብዛት የሚገለጠው በከፍታው ላይ ነው። ዲሽና ሞባይልም እጅግ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ስለሚሠሩ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም። ችግሩ የሚበረታው ከ526.5 እስከ 1606.5 ኪሎኸርዝ ባለው መካከለኛ ሞገድ እና ከዚያ በላይ እስከ 30 ሜጋኸርዝ በሚጠጋው አጭር ሞገድ ላይ ነው። ኤፍኤም በማይደርስበት ገጠር ያሉ አድማጮች፣ የውጭ ጣቢያዎችን በአጭር ሞገድ የሚከታተሉ ሰዎች፣ ከሩቅ ጣቢያዎቻቸው ጋር በኤችኤፍ (በአጭር ሞገድ የሚሠራ መገናኛ) ራዲዮ የሚገናኙ ድርጅቶች፣ እንደ አምስት ኪሎው ኢቲ3ኤኤ ያሉ የአማተር ራዲዮ ክበቦች፦ ጉዳዩ የእነሱ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው፤ ያለ እሱ ምርጫው ዕጣ ከመጣል አይለይም። በ50 ኪሎኸርዝ የሚቆራርጥ መሣሪያ ረብሻው 50 ላይ አይቆምም። ቁርጡ ስለታም ስለሆነ በብዜቶቹ ሁሉ ላይ ይወጣል፤ 550፣ 600፣ 650 እያለ መካከለኛውን ሞገድ ያዳርሳል፣ እየደከመም ቢሆን አጭር ሞገድ ውስጥ ይዘልቃል። የራዲዮውን መርፌ ቀስ ብለው ሲያዞሩ በእኩል ርቀት እየመጣ የሚሄድ ጩኸት ከተሰማ ምንጩ እንዲህ ያለ ሳጥን ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ሳጥኑ ብቻውን ሩቅ አያሰራጭም። የሚያሰራጭለት ገመዱ ነው። የ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ ርዝመት 10.7 ሜትር ነው፤ በብዙ ቤት ከጣሪያ እስከ ባትሪ ያለው ገመድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሳናስበው ለ41 ሜትር ባንድ የሚስማማ አንቴና ለረብሻው ዘርግተንለታል ማለት ነው፤ ያውም ማታ ማታ ጣቢያዎች በሚጎርፉበት ባንድ ላይ።

በመጀመሪያ ሰዓቱ

ዕቃ ከማወዳደር በፊት ራዲዮ የሚሰማበትን ሰዓት መወሰን ያስፈልጋል። የቻርጅ መቆጣጠሪያ የሚረብሸው ፀሐይ ሳለች ብቻ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ከፓነሉ የሚመጣ ኃይል ስለማይኖር መቆራረጡን ያቆማል። መካከለኛ ሞገድና የአጭር ሞገድ ዝቅተኛ ባንዶች ደግሞ ሩቅ የሚደርሱት ማታ ነው፤ ቀን ቀን በፀሐይ ኃይል የሚፈጠረው የአዮኖስፌር (ሞገድ የሚመልሰው የላይኛው አየር) የታችኛው ንብርብር ይውጣቸዋል። እንግዲህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዜና የሚሰማ ቤት ጸጥተኛ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ፍለጋ ተጨማሪ ብር ቢያወጣ ያወጣው በከንቱ ነው። ያ ቤት መጠንቀቅ ያለበት ማታ በሚሠሩት ዕቃዎች ማለትም በኢንቨርተሩና በአምፖሎቹ ላይ ነው።

ቀን የሚሰማ ግን ነገሩ ይገለበጥበታል። በክፍለ ጊዜው የትምህርት በራዲዮ ሥርጭት የሚከታተል ትምህርት ቤት ወይም ቀኑን ሙሉ ኤችኤፍ ራዲዮ ከፍቶ የሚጠብቅ ጣቢያ ከሁሉ በፊት የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ነው መምረጥ ያለበት። ሻጮች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ አይሰማም፤ የሚጠይቁት «ስንት ዋት?» ብቻ ነው።

ፒደብሊውኤም ወይስ ኤምፒፒቲ?

ሁለቱም የቻርጅ መቆጣጠሪያ ዓይነቶች ናቸው። በኃይል አሰባሰብ ረገድ ክርክሩ በቁጥር ይፈታል። 36 ሴል ያለው የ100 ዋት ፓነል በ18 ቮልት አካባቢ 5.6 አምፔር ይሰጣል። ፒደብሊውኤም መቆጣጠሪያ ፓነሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኘው ቮልቴጁ ወደ ባትሪው ይወርዳል፤ ባትሪው 13 ቮልት ላይ ከሆነ የሚገኘው 73 ዋት ገደማ ነው። ኤምፒፒቲ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር ለውጦ ከ90 ዋት በላይ ሊያስገባ ይችላል። በሞቃት ቆላ የፓነሉ ቮልቴጅ በሙቀቱ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ይጠባል። ባለ 60 ሴሉ የ250 ዋት ፓነል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ 30 ቮልት የሚሰጠውን ፓነል በፒደብሊውኤም ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ማያያዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኃይል እንደ መጣል ነው። እዚያ ላይ ምርጫ የለም፣ ኤምፒፒቲ ነው።

በረብሻ ረገድ ሚዛኑ ወደ ሌላው ያጋድላል። ኤምፒፒቲ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስክትጠልቅ በከፍተኛ ድግግሞሽ መቆራረጡን አያቋርጥም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው። ፒደብሊውኤም ባትሪው ጎዶሎ ሳለ ፓነሉን ከፍቶ ይተወዋል እንጂ አይቆራርጥም። መቆራረጥ የሚጀምረው ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ነው፤ በብዙዎቹም ድግግሞሹ በመቶዎች ኸርዝ የሚቆጠር ነው። ጠዋት ጸጥ ያለ ራዲዮ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም ከጀመረ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ይህንንም የሚያስቀሩ አሉ፤ ለምሳሌ ሰንሴቨር በተባለው የሞርኒንግስታር መቆጣጠሪያ ላይ አንዲት አጭር ሽቦ ሲቆረጥ መሣሪያው መቆራረጡን ትቶ ወደ ቀላል ማብራትና ማጥፋት ይዞራል። የተሠራችውም የመገናኛ መሣሪያ እንዳይረበሽ ተብሎ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ባለ 36 ሴል ፓነል፣ በድምሩ እስከ 200 ዋት ድረስ፣ ቀን ራዲዮ የሚሰማ ቤት ከሆነ ፒደብሊውኤም ይግዙ፤ በዋጋው ልዩነት ላይ ጥቂት ጨምረው ፓነል ያክሉ። ተጨማሪ ፓነል ድምፅ የለውም። ከዚያ በላይ ለሆነ ተከላ ኤምፒፒቲ ይሁን፤ የብረት ሳጥን ያለውን ይምረጡ፣ የረብሻ ደረጃውንም በወረቀቱ ላይ ያንብቡ። ገበያው ላይ «ኤምፒፒቲ» ተብሎ የተጻፈባቸው በጣም ርካሽና ቀላል የፕላስቲክ ሳጥኖች መኖራቸውንም ልብ ይበሉ፤ ከፍተው ቢያዩአቸው ብዙዎቹ ፒደብሊውኤም ናቸው። እውነተኛው በውስጡ ወፍራም መጠምጠሚያ ስላለው ይከብዳል። ለራዲዮ ሰሚው ግን ይህ ማጭበርበር ሳይታሰብ ውለታ ይሆንለታል።

ኢንቨርተር፦ ዋናው ጠበኛ

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኢንቨርተር ቀንም ማታም ይሠራል፣ ቤቱን ሁሉ በሚዞረው የኤሌክትሪክ መስመር ላይም ረብሻውን ይጭናል። አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሳጥን በግድግዳው ሽቦ በኩል ሁሉም ክፍል ይደርሳል።

ርካሹ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ነው። ሞገዱ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ደረጃ ይዘላል። በዚህ ምክንያት ከእሱ ኃይል የሚያገኝ ራዲዮ ወይም ማጉያ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ሞተር ያላቸው ዕቃዎችም ከሚገባው በላይ ይሞቃሉ። ራዲዮ ለሚሰማ ቤት ይህን አልመክርም፤ በዋጋም ቢሆን ለምን እንደሚገዛ አይገባኝም፣ ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ከሆነ ኢንቨርተር ራሱ አያስፈልግም።

ፒዩር ሳይን ዌቭ ጉርምርምታውን ያጠፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የሚነግረን ስለ 50 ኸርዙ ሞገድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ያንን ቅርጽ ለመሥራት ውስጡ በአሥራዎች ኪሎኸርዝ ይቆራርጣል፣ የሚያመልጠው መጠንም በማጣሪያው ጥራት ይወሰናል። ስለዚህ ሁለት ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተሮች፣ ዋታቸውም እኩል ሆኖ፣ አንዱ መካከለኛ ሞገድን ሲያደነቁር ሌላው ብዙም ላይሰማ ይችላል። አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ ከሚያወጧቸው ክፍሎች አንዱ ማጣሪያው ነው፤ መብራቱ ስለሚበራ ገዢው አያውቅም።

የብረት ትራንስፎርመር ያላቸው ከባባዶቹ ከቀላሎቹ ይሻላሉ ወይ ለሚለው፣ ትራንስፎርመሩ ከፍተኛውን ድግግሞሽ በከፊል ስለሚያፍን ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። ድንገተኛ ጭነትንም ይችላሉ። ክብደት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ባዶውን ሲበራ የሚበሉት ኃይልም በርከት ይላል፣ ለትንሽ ባትሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተቻለ ትንሽ ራዲዮ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። ራዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ከፍተው፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ በመካከለኛ ሞገድ ላይ አድርገው፣ ኢንቨርተሩ አምፖል ተሸክሞ ሲበራ ጠጋ ራቅ እያሉ ማዳመጥ። ሁለት ሜትር ላይ ጸጥ የሚለውና ከበሩ ውጭ ድረስ የሚከተለው ወዲያው ይለያሉ። ባለ ሱቁ ቢገረም ይገረም።

ያለ ኢንቨርተር መኖር

ለትንሽ ቤት ከሁሉ የተሻለው ኢንቨርተር አለመግዛት ነው። አምፖሉ 12 ቮልት፣ ስልኩ በዩኤስቢ፣ ራዲዮውም በቀጥታ ከባትሪ። ከሦስት አራት አምፖልና ከራዲዮ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጡት የቤት ሶላር ኪቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የሳጥኖቹ ቁጥር ማነሱ ብቻውን ትልቅ ዕረፍት ነው። ገደቡ ግልጽ ነው፤ ማቀዝቀዣ፣ ካውያ፣ ተራ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በዚህ አይኖርም። እንደዚያ ያለው ቤት ኢንቨርተሩን በሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ቢያበራና ራዲዮውን ከ12 ቮልቱ በኩል ቢመግብ ከሁለቱም ይጠቀማል።

እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። ራዲዮው 6 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ባትሪው 12 ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት ትንንሽ የቮልቴጅ መቀነሻዎች፣ የመኪናውን የስልክ ቻርጀር ጨምሮ፣ ራሳቸው የሚቆራርጡ ናቸው፤ ከራዲዮው አጠገብ ረብሻ ተከልን ማለት ነው። ከእነሱ ይልቅ 7806 የምትባለው ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ትሻላለች። ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች እንጂ አትቆራርጥም። ብክነት ነው ቢባል፣ 100 ሚሊአምፔር ለሚወስድ ራዲዮ የሚባክነው 0.7 ዋት ገደማ ነው። ማንኛውም የራዲዮ ጥገና ሱቅ ፊውዝ ጨምሮ ይሠራዋል።

ጣሪያቸው ላይ ትልቅ ሶላር ለሚያስገቡ

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖች የሚገጥማቸው ምርጫ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ሶላሩ ከዋናው መስመር ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚወዳደሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው ፓነሎቹን በተከታታይ አያይዞ ወደ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር የሚያወርደው ነው። የረብሻ ምንጩ አንድ፣ ቦታውም የታወቀ ስለሆነ ማጣሪያ ለመጨመር ይመቻል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ፓነል ሥር ትንሽ ኢንቨርተር የሚተክለው ነው፤ ምንጩ ይበዛል፣ ነገር ግን የቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን ከዚያ በኩል ብዙ አያሰራጭም። ሦስተኛው ኦፕቲማይዘር ነው፤ በእያንዳንዱ ፓነል ሥር የፓነሉን ቮልቴጅ የሚያስተካክል፣ የሚቆራርጥ ሳጥን አለ፣ ረጅሙ ገመድም ጣሪያው ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል። ለረብሻ ሁለቱም ምክንያቶች አንድ ላይ ተሟልተውለታል። በኔዘርላንድስ የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚገናኙበት ሲ2000 የተባለ መረብ በአንዳንድ የሶላር ተከላዎች በመረበሹ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ጉዳዩን በይፋ እስከማንሳት ደርሷል።

ራዲዮ የሚወድ ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ እላለሁ፤ ጣሪያው ጥላ የማያጠላበት ከሆነ የሚያጣው ኃይልም ትንሽ ነው። አሜሪካ ላይ ግን ምርጫው ይጠባል። የ2017ቱ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ደኅንነት ሲል በፓነሎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 80 ቮልት እንዲወርድ የሚያስገድድ ድንጋጌ ስላመጣ፣ በቤት ጣሪያ ላይ የሚተከለው በአብዛኛው ከፓነሉ ሥር አንድ ነገር ያለው ነው። በዚያ ሁኔታ በየፓነሉ ኢንቨርተር ያለውን ከኦፕቲማይዘር አስቀድማለሁ፤ ከመፈረም በፊትም ረብሻ ቢከሰት ማን በራሱ ወጪ እንደሚያስተካክል በውሉ ላይ ይጻፍ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ክፍል 15 መሣሪያው ጎጂ ረብሻ ካደረሰ የማቆም ግዴታውን የሚጥለው በተጠቃሚው ላይ ነው፤ ሻጩ ይህን በራሱ ፈቃድ ላይነግር ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይታያል?

ሲኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክት ብቻውን አያሳምነኝም፤ በአብዛኛው አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። የሚፈለገው ሲስፐር 11 ወይም ኢኤን 55011 የሚል የራዲዮ ረብሻ መመዘኛ ቁጥር፣ ከጎኑም ክፍል «ቢ» የሚል ነው። ክፍል «ኤ» ለኢንዱስትሪ አካባቢ፣ «ቢ» ለመኖሪያ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ 10 ዴሲቤል ነው፤ የ«ኤ» መሣሪያ በሦስት እጥፍ ገደማ የበረታ መስክ ቢያወጣም ፈተናውን ያልፋል። ለመኖሪያ ቤት የ«ኤ» ኢንቨርተር የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት። መመዘኛው በቀጥተኛው ኤሌክትሪክ በኩል ለሚወጣው ረብሻ ገደብ ያበጀው በ2015 እትሙ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተፈተነ የቆየ ሞዴል ፈተናውን ማለፉ ስለ ፓነሉ ገመድ ብዙ አይናገርም።

ዕቃው ቀድሞ ከተገዛ

አዲስ ከመግዛት በፊት ጥፋተኛውን መለየት ይቀድማል። ራዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ከፍተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ መጀመሪያ የስልክ ቻርጀሮቹን፣ ቀጥሎ የኤልኢዲ አምፖሎቹን፣ ከዚያ ኢንቨርተሩን። ሶላሩ ተከሶ ጥፋቱ የአንድ አምፖል ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ለመፈተን የፓነሉን ገመድ በቅድሚያ፣ የባትሪውን በኋላ ይንቀሉ፤ ሲመልሱ ባትሪው ይቅደም። ይህ ለ12 ቮልት ሥርዓት ነው። በመቶዎች ቮልት የሚሠራ የጣሪያ ተከላን በኃይል ላይ እያለ መንቀል እሳት ያስነሳል፤ እሱን ለባለሙያ ይተዉት።

ከዚያ በኋላ ርካሹ መድኃኒት ገመዱ ላይ ነው። ከፓነል የሚወርዱት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገመዶች ተራርቀው ከሆነ አንድ ላይ ይጠምጠሙ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ሲጠብ ረብሻው ይቀንሳል፣ በመብረቅ ጊዜ የሚፈጠረው ቮልቴጅም እንዲሁ። ትርፍ ገመድ ተንጠልጥሎ አይቅር።

ቀጥሎ ፌራይት ቀለበት፣ ማለትም በገመድ ላይ የሚሄደውን ረብሻ የሚያፍን ጥቁር የማግኔት ሸክላ ነው። ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ አድርጎ በቀለበቱ ውስጥ ደጋግሞ ማሳለፍ ነው፤ ጉልበቱ በዙሩ ቁጥር ካሬ ስለሚያድግ ሦስት ዙር ከአንዱ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ገመዱ ላይ አንዴ ጠቅ ተደርጎ የሚቀረው ትንሽ ፌራይት ለመካከለኛ ሞገድ እንደሌለ ይቆጠራል። ለአጭር ሞገድ የሚመረጠው 31 ቁጥር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካልተገኘ ከአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ ያለው ድቡልቡል ሊያገለግል ይችላል። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫና ነጭ ቀለበት ግን የብረት ዱቄት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ይህም ሁሉ ተሞክሮ ጩኸቱ ከቀረ ጥሩ፣ ካልቀረ ራዲዮውን ያርቁት። ከሳጥኑ አጠገብ ያለው መስክ በርቀት በፍጥነት ስለሚወድቅ ከአንድ ሜትር ወደ ሦስት ሜትር መሄድ ብዙ ይለውጣል። በመካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ ራዲዮውን እንደቆመ ወደ ጎን ያሽከርክሩት፤ ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ስለማይቀበል፣ ጣቢያውና ረብሻው በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ጩኸቱ የሚጠፋበት ማዕዘን ይገኛል። የአጭር ሞገድ አድማጭ ይህ አይሠራለትም፤ እሱ የሽቦ አንቴናውን ከሶላሩ ገመድ አርቆ ግቢው ጫፍ ላይ ዘርግቶ፣ እስከ ራዲዮው ድረስ በዲሽ ገመድ ያምጣው።